የጨቅላ ገላ ዴቶል አይሻም

ከደብረ ብርሃን የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወሬ ገብቷል፤ ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኛል። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በሳምንቱ እምብርቱ መግል ይዞ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ ሆስፒታል 10 ቀን ተኝተን ወጣን። እመቤቴ ረድታኝ ዳነ፤ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ያኔ እትብቱ እንዲለሰልስ ተብሎ ቅቤ እንቀባው ነበር። አሁን አማቴ ‹ያ ልጅ የታመመው ዴቶል ስላልነካው ነው› ብለው ትልቁን ጠርሙስ ከወዲሁ ገዝተው አስቀምጠዋል። ገና ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ጠዋትና ማታ በዴቶል ውሃ እንዲታጠብ ይፈልጋሉ። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ ጀርም ይገድላል የተባለ እርጥብ መጥረጊያ ልካልኛለች። ጤና ጣቢያ ክትትል ስሄድ አዋላጇ ለእትብት የሚሆን ቅባት እንዳለ ነገረችኝ፤ ጎረቤቴ ግን ‹እሱ እትብት አያደርቅም፣ አይሆንሽም› ትለኛለች። የቱን ልስማ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያንን 10 ቀን አውቀዋለሁ። እናት ከልጇ አልጋ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መርፌ የተሰካበትን ትንሽ እጅ በሁለት ጣቷ ይዛ ሌሊቱን ስታነጋው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያንን ያሳለፈች ሴት ለሁለተኛው ልጇ ያገኘችውን መከላከያ ሁሉ ብትሰበስብ አይፈረድባትም። ስለዚህ መልሱን አላዘገይብሽም። ሕፃኑን በዴቶል አትጠቢው፤ ጠዋትም ማታም፣ ብዙም ጥቂትም። ከዱባይ የመጣው መጥረጊያም ለእሱ ገላ አይሁን። እትብቱን ቅቤ አይንካው። ጤና ጣቢያው የእትብቱን ቅባት ከሰጠሽ ግን ተቀበዪ፤ አቀባቡን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስለ ዴቶሉ አንድ ያየሁትን ላጫውትሽ። የሦስት ቀን ሴት ልጅ በነጠላ ተጠቅልላ ወደ ክፍላችን ገባች። ነጠላው ሳይፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሲገለጥ ልጅቷ ከአንገቷ እስከ ጭኗ ፍም መስላለች፤ ብብቷና ብሽሽቷ ላይ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ያጠቧት አያቷ ናቸው። ሳይለኩ ከጠርሙሱ ሳህኑ ላይ አንቆረቆሩት። ዴቶል ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል አይደል? «ነጭ በሆነ ቁጥር የበለጠ የሚያጸዳ መስሎኝ» አሉኝ እያለቀሱ። ከማንም አብልጠው የሚሳሱላት የልጅ ልጃቸው ነበረች። ልጅቷ ዳነች፤ ነገር ግን ቆዳዋ እስኪመለስ ድረስ ለቀናት በስጋት ጠበቅናት፤ ምክንያቱም ጀርም የሚከላከልላት ያው ቆዳዋ ነበር፣ እሱ ደግሞ ተልጧል።

ዴቶል ውስጥ ያለው ዋናው መድኃኒት ክሎሮዛይሌኖል ይባላል፤ አብሮት አልኮልና የጥድ ዘይት አለ። የአዋቂ ቆዳ የሚችለውን የጨቅላ ቆዳ አይችለውም። ስስ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ስታስተያዪውም የሕፃን ቆዳ ከእኛ ይሰፋል። ስለዚህ ገላው ላይ የፈሰሰ ነገር ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ከቆዳውም አልፎ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል። «አንድ ክዳን ብቻ ቢሆንስ? ሦስት ጠብታስ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ለጨቅላ ገላ የምመክረው ልክ የለኝም፤ ጤነኛ ተወልዶ ቤቱ የገባ ሕፃን በፀረ ጀርም የሚታጠብበት ምክንያት ራሱ የለም።

ይህን የምልሽ ከባዶ ፍርሃት ተነሥቼ አይደለም፤ የደረሰ ነገር አለ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለዓመታት ጨቅላ ሕፃናት ሄክሳክሎሮፊን በሚባል ፀረ ጀርም ይታጠቡ ነበር። እውነትም ቆዳ ላይ እባጭና መግል የሚያወጣውን ስታፍ የሚባለውን ጀርም ይቀንስ ነበር። ኋላ ግን መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ አንጎልን እንደሚጎዳ ተደረሰበትና በ1971 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕፃናትን በእሱ ማጠብ እንዲቀር አስጠነቀቀ። በማግሥቱ ዓመት በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ይኸው መድኃኒት በስሕተት ስድስት በመቶ የገባበት የሕፃን ፓውደር 36 ልጆችን ገደለ። እናቶቹ እኮ ልጆቻቸው እንዳይላላጡ ብለው ነው የነሰነሱት።

«እሺ፣ የተሻለና ረጋ ያለ መድኃኒት ቢሆንስ?» ትዪኝ ይሆናል፤ የእህትሽ መጥረጊያ የመጣው በዚሁ ሐሳብ ነውና። እሱም ተሞክሯል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ፀረ ጀርም፣ አሁን አዋላጇ ለእትብት የነገረችሽ ማለት ነው፣ በጣም ቀጥኖ የሕፃናት ሙሉ ገላ እንዲጠረግበት በኔፓል ሳርላሂ ወረዳ 17,530 ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደረገ። ገሚሶቹ በመድኃኒቱ፣ ገሚሶቹ መድኃኒት በሌለው ፈሳሽ ተጠረጉ። በ2007 ውጤቱ ሲወጣ በጠቅላላው ሲታይ የሞቱት ቁጥር ልዩነት አልነበረውም። ከ2.5 ኪሎ በታች በተወለዱት ዘንድ ብቻ ሞት በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ተስፋ የሚሰጥ ነበር፣ ሆኖም እናቶች ቤታቸው ያድርጉት ወደሚባል ምክር አልደረሰም። ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ውስጥም ከ8,000 በላይ ወላድ እናቶች በተሳተፉበት ጥናት ምጥ ላይ ያሉት እናቶች የማሕፀን መንገድና የሕፃናቱ ገላ በዚሁ መድኃኒት ተጠርጎ ነበር፤ ሕፃናቱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚመጣ የደም ኢንፌክሽን አላዳነም። ስለዚህ የጥቅሉ ሥዕል ምንም ቢያምር መጥረጊያውን ተዪው። ሽንት ጨርቁን ስትቀይሪ ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ወይም ንጹሕ ስስ ጨርቅ ይበቃል።

አሁን «ገና ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ» ወዳልሽው ልምጣ፤ እኔን ከዴቶሉ እኩል ያሳሰበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ከተወለደ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይታጠብ እንዲቆይ ይመክራል። ሲወለድ ገላው ላይ አይብ የመሰለ ነጭ ቅባት ታያለሽ፤ ብዙ አያቶች እንደ እድፍ ቆጥረው ፈትገው ያነሡታል። ያ ቅባት ማሕፀን ውስጥ ያደገበት ልብሱ ነው። ቆዳውን ያወዛል፣ በውስጡም ጀርም የሚከላከሉ ነገሮች አሉበት። አማትሽ በጠርሙስ የገዙለትን መከላከያ ሕፃኑ ከሆድሽ ተቀብቶት ይወጣል። ደሙን ብቻ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አብሰው ይተዉለት።

ደግሞስ የደብረ ብርሃንን ብርድ ላንቺ ልነግርሽ ነው? ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ፣ ማለዳ ላይ እርጥብ ጨቅላ ማለት በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱ የሚያመልጥ ሕፃን ማለት ነው። የበረደው ሕፃን ይደክማል፣ ጡት መጥባት ያቅተዋል፣ ያልጠባ ደግሞ በሽታ የሚቋቋምበት ጉልበት አያገኝም። እግሩን ዳስሰሽ ቀዝቃዛ ከሆነብሽ ልብሱን ገልጠሽ ደረትሽ ላይ፣ ገላው ገላሽን እንዲነካ አድርገሽ እቀፊው፣ ከላይ ጋቢ ደርቢበት፣ ኮፍያ አድርጊለት። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። ቢጫውን እንገር «ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚያስጥልሽ ሰው ካለ እንዳትሰሚ፤ ከመጀመሪያ ክትባት አይተናነስም። ጡትሽንም ከማጥባትሽ በፊት በዴቶል ወይም በአልኮል አትጥረጊ፤ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ የተረፈውን ልጁ ይውጠዋል።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ገላውን ማጠብ ስትፈልጊ ክፍሉ ሞቆ፣ ውሃው በክንድሽ ተፈትኖ፣ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይድረቅ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ውሃ ውስጥ ከመዘፍዘፍ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይሻላል።

ወደ እትብቱ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ቆዳው የተዘጋ በር ከሆነ እትብቱ ገና ያልተዘጋ በር ነው። ሲቆረጥ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ወዲያው አይደፈኑም፤ ጀርም በእነሱ በኩል ወደ ጉበትና ወደ ደም ሊደርስ ይችላል። የልጅሽ እምብርት ቀልቶ መግል ሲይዝ ሐኪሞቹ ወዲያው ያስተኙት ይህን ፈርተው ነው። ፀረ ጀርም ሥራ ያለውም እዚያች ቦታ ላይ ነው። እዚያው ሳርላሂ ውስጥ፣ የሰናፍጭ ዘይት እትብት ላይ መቀባት ልማድ በሆነበት አገር፣ አራት በመቶ ክሎርሄክሲዲን እትብታቸው ላይ የተቀባላቸው ሕፃናት ከባድ የእትብት ኢንፌክሽን በ75 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ24 በመቶ ቀነሰላቸው። ውጤቱ የወጣው በ2006 ነው፤ ባንግላዴሽና ፓኪስታን ውስጥም ጠቃሚነቱ ታየ። ዛምቢያና በታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት በተደረጉትና በ2016 በወጡት ጥናቶች ግን ሞት ላይ ግልጽ ልዩነት አላመጣም።

ልዩነቱ ግር እንዳይልሽ። በንጽሕና ተቆርጦ፣ ምንም ሳይነካው ደርቆ የሚወድቅ እትብት በአብዛኛው መድኃኒት አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዋና ምክሩ እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ነው፤ ክሎርሄክሲዲኑን ደግሞ እትብት ላይ እበትና ይህን የመሰለ ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደበት አካባቢ ለመጀመሪያው ሳምንት ያዝዛል። በእኛ አገር ቅቤው አለ፣ አመዱ አለ፣ በየቦታው እበቱም አለ። በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ለዚህ ሞት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። አዋላጅሽ ቅባቱን ያነሣችልሽ ይህን ሁሉ ይዛ ነው፤ ያንቺንም ታሪክ ካርድሽ ላይ አይታለች።

ጎረቤትሽም አልዋሸችም። ይህ ቅባት የተቀባ እትብት ካልተቀባው አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይወድቃል፤ እትብቱን ከሚያላቅቁት ነገሮች መካከል ጀርሞቹ ራሳቸው አሉበት፣ ቅባቱ ደግሞ ይገድላቸዋል። ስለዚህ መዘግየቱ የበሽታ ምልክት አይደለም። አትጎትቺው፣ «ይለስልስ» ብለሽም ቅቤ አትጨምሪበት።

አቀባቡ ቀላል ነው። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በተወለደበት ቀን ጀምረሽ፣ በቀን አንድ ጊዜ ለሰባት ቀን፣ ወይም አዋላጇ ባዘዘችሽ መሠረት። የተቆረጠው ጫፍ ላይ አድርጊ፣ ግንዱን አዳርሺ፣ ከዚያ እትብቱ ከሆድ ጋር የተገናኘበትን ሥር ዙሪያውን ቀቢው። አትጥረጊው፣ በፋሻ አትጠቅልዪው፤ ትንሽ ይንፈስበትና ልብሱን አልብሺው። ሽንት ጨርቁን ከእምብርቱ በታች እጠፊው። ቱቦው ላይ «7.1 በመቶ» የሚል ካየሽ እንዳትደነግጪ፤ 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዳይግሉኮኔት ማለት ያው አራት በመቶ የተባለው ክሎርሄክሲዲን ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ላይ የሚቀባ ቴትራሳይክሊን የሚባል ቅባት አለ፤ ትንሽ ቱቦ ነው። የእትብቱም ብዙ ጊዜ ትንሽ ቱቦ ነው። አንዲት አራስ ልጠይቅ ቤቷ ሄጄ ሁለቱን መስኮት ላይ ጎን ለጎን ተኝተው አይቼ ልቤ ደንግጧል፤ በኩራዝ ብርሃን ማን ይለያቸዋል? ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ይጎዳል፣ እስከ መታወርም ያደርሳል። በአፍሪካ አገሮች የእትብቱን መድኃኒት የዓይን መድኃኒት መስሏቸው ሕፃናት ዓይን ውስጥ የጨመሩ ሰዎች ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ምክንያት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ የእትብቱ ቱቦ ላይ ቀይ ክር እሰሪበት። ቤት ውስጥ ሌላ የዓይን ቅባት ካለ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሌሊት አትቀቢ፤ ቀን፣ ብርሃን ባለበት፣ ስሙን አንብበሽ ቀቢ። ከተሳሳታችሁ ዓይኑን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽን መውሰድሽን ካርድሽ ላይ አረጋግጪ። ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን በማስወገዷ ተመስክሮላታል፤ በክትባቱና በንጹሕ አወላለድ የመጣ ነው። ጀርሙ ግን አፈርና እበት ውስጥ ዛሬም አለ።

ስለ መጀመሪያው ልጅሽ ደግሞ። ቅቤው ይሁን ሌላ ነገር፣ ያኔ ምን እንዳሳመመው ዛሬ ላይ ሆኖ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ያደረግሽውን ያደረግሽው አያት ቅድመ አያትሽ ያደረጉትን አይተሽ ነው፤ ሲታመምም ይዘሽው ሮጠሻል። ልጁን ያዳነው ያ መሮጥሽ ነው፤ አሁንም እሱን ያዢ። እምብርቱ መግል ከያዘ ወይም ቅላቱ ወደ ሆዱ ቆዳ ከተስፋፋ፣ ገላው ላይ መግል የያዘ እባጭ ከወጣ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም መሳብ ካቃተው፣ ካልቀሰቀሱት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ «እስኪነጋ እንየው» አትበዪ። ጨቅላ ጠዋት ጠብቶ ማታ ሊደክም ይችላል።

የቀረው የእማማ ነገር ነው። ዴቶሉን ከእጃቸው ቀምተሽ አትጣዪው፤ ለልጅሽ ብለው የገዙት ነው። ለመጸዳጃ ቤቱና ለወለሉ ይሁን። ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ አብረውሽ እንዲሄዱ ለምኛቸው፤ ከምራት ከሚሰሙት ከአዋላጇ አፍ ቢሰሙት ይቀላቸዋል፣ ክብራቸውም አይነካም። ከዚያ አንድ ትልቅ ሥራ ስጫቸው። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ሐኪም በ1847 ቪየና ውስጥ አስከሬን መርምረው እጃቸውን በደንብ ሳያጸዱ የሚያዋልዱ ሐኪሞችን በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አስገደዳቸው፤ ሚያዝያ ላይ ከ100 ወላዶች 18 ገደማ ይሞቱ የነበሩት ሰኔ ላይ ወደ ሁለት ወረዱ። ያ ሁሉ ፀረ ጀርም ያረፈው በሚነካው ሰው እጅ ላይ ነበር። አንቺም ስትወልጂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ገንፎው ሊቀርብ፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር፣ ጉንጩ ሊሳም ነው። በአገራችን ማዕድ ሲቀርብ እጅ ማስታጠብ ክብር ነው፤ ለእንግዳ ማስታጠቢያ ይዞ መቆም ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም። አማትሽ በር ላይ ይሁኑ፣ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳሙና። «እማማ፣ ይህን ልጅ ማንም እጁን ሳይታጠብ እንዳይነካብኝ፤ ለእርስዎ ነው የሰጠሁት» በያቸው። ጉንፋን የያዘው ሰው ከበር ሆኖ መርቆ ይመለስ። አንቺ «እጅሽን ታጠቢ» ብትዪ የሚቀየም ዘመድ እሳቸው ሲሉት እጁን ይዘረጋል።

ስትገላገዪ ኪሎውን ጽፈሽ ላኪልኝ። ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ስለ አያያዙ ለይቼ እጽፍልሻለሁ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።